እስከ አምስት መቁጠር

ከሐረጎ አናት ላይ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣
ሰዓት ይዤ እቆማለሁ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ለጦሳ።
ከታች ከኮምቦልቻ፣ መንገዱ ሲታጠፍ፣ ሲዞር፣
ኤፍኤስአሩ እያቃሰተ ሲወጣ፣ እሷ ታልፈዋለች በእግር።

አሥር አለቃ ሉባባ፣ ትውልዷ ቧንቧ ውሃ፣
የልብስ ሰፊው የይመር ልጅ፣ የዚያ የሳቂታ ድሃ፤
ትንፋሿ ቀድሟት ይደርሳል። "አባ ሰዓት፣ ስንት ሆነ?"
እነግራታለሁ፤ ትስቃለች፣ ትነጫነጫለች፣ ልቧ እንደሆነ።

ደብዳቤው ከክፍለ ጦሯ ሲመጣ፣ ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ፣
"የዓለም ወታደሮች ውድድር ነው" አለችኝ፣ "ባሕር ማዶ፣ ሩቅ።
መቶ ምናምን አገር ይመጣል፣ ሁሉም በየመለዮው፤
የኔ አምስት ዓይነት ነው፦ ተኩሱ፣ መሰናክሉ፣ ሩጫው፣
ውሃ ዋናው፤ ደግሞም..." ድምጿ ቀነሰ፣ "የቦምብ ውርወራው።
ባዶ ብረት ነው እኮ፣ ባሩድ የማያውቅ፣ ድዳ፤
አሥራ ስድስቴ ይጣላል፣ ክብ በተሠመረ ሜዳ፤
መሃሉን የመታ ነጥብ አለው።"

"ነጥብ?" አልኳት።
በእኔ ጊዜ የወረወርኩት፣ ነጥብም ማርክም አልሰጠኝ፤
አንድ ጆሮዬን ይዞ ሄደ፣ ሌሊት እየመጣ ቀሰቀሰኝ።

ብረቱ የለንም፤ ቦርከና ወርደን ድንጋይ ለቀምን፣
በዙሪያሽ የበርበሬ ሚዛን አንድ ባንድ መዘንን፤
እሷንም አስነጠሳት፣ እኔንም፤ ዙሪያሽ እያየች ሳቀች፦
"ወታደርና ድንጋይ! ምነው፣ ጥይቱ አለቀ እንዴ?" አለች።

አሥራ ስድስቱን በጆንያ፣ በባጃጅ ጭነን ሆጤ፣
አሮጌ ጎማ አጋደምን። ያኔ ተነሳ ድንጋጤ።
መጀመሪያ ስትወረውር፣ ድንጋዩ ካየር ሳይወርድ፣
ጉልበቴ ለብቻው ታጠፈ፣ እጄ ሰዓቱ ላይ ሲርድ፤
አንድ... ሁለት... ሦስት... አራት።
አራት ላይ ነበር የሚጮኸው፣ ያ የኔ፣ ያ የድሮው።
ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ልጆችም፣ ጆሯቸውን ይዘው በእጃቸው፣
ተኝተዋል አፈሩ ላይ፤ ማን እንዳስተማራቸው!

ድንጋዩ ጎማው ውስጥ ገባ። ድብ አለ። ሌላ የለም።
አንድ ፌንጣ ዘለለ። ሜዳው ዝም፣ አየሩ ዝም።
"አባ ሰዓት፣ ገባ አይደል?"
እኔ አውራ ጣቴን እያየሁ ነበር፤ ተርፋኛለች፣ አልታጠፈችም።
"አምስት" አልኩ ቀስ ብዬ፣ እንደማላውቀው ሰው ስም።

ውሃ ዋናውን ግን ተዉት! ሐይቅ ወስጃት፣ እስከ ወገቧ ገብታ፣
"የደሴ ልጅ ለዝናብ እንጂ ለውሃ አልተፈጠረም" ብላ ወጣች ተቆጥታ።

የውድድሩ ቀን ፒያሳ፣ ቡሽራ ፀጉር ቤት ተጨናንቀን፣
በአንዲት ስንጥቅ ስልክ ላይ አሥራ አንድ ራስ ደቅነን፤
ጢሙ ግማሽ የተላጨ ሰው፣ ከነሳሙናው ቆሞ፣
ኔትወርኩ እንደ ሐረጎ መኪና፣ ሲያቃስት፣ ሲሄድ፣ ደግሞ
ሲቆም...

ከውሃው መጨረሻ ወጣች። አንዲት የሌላ አገር ወታደር፣
ቀድማት ደርሳ የነበረች፣ እጇን ዘርግታ ሳበቻት ከዳር።
ባንዲራዋን ቡሽራ አላወቀውም፤ እኔም አላወቅኩት፤
"ጠላት ናት ወዳጅ?" አለ አንድ ልጅ። ዝም አልኩት።

ከዚያ ውርወራው። ክንዷ ሄደ። ብረቱ ሄደ። ስልኩ ቆመ፤
ብረቱ ሰማይ ላይ፣ በስክሪኑ ስንጥቅ ተሰቅሎ ከረመ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።
ፀጉር ቤቱ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ።
አምስት።
ስድስት፣ ሰባት፣ እስከ አሥራ ሦስት ቆጠርኩ፤ መስተዋቱ እንኳ አልተናጠ።

ስንተኛ ወጣች? ዘጠነኛ ይሉኛል፣ አሥራ አንደኛ የሚልም አለ፤
ማታ ደወለች፦ "ውሃው እኮ ሙቅ ነው! እንደ ሐይቅ የሚበርድ የለ።"

ድንጋዮቹ እቤቴ ናቸው። አንዷ በሬን ነፋስ ሲገፋው ትይዛለች፤
አንዷን ዙሪያሽ ወስዳ፣ "ግማሽ ኪሎ ናት" እያለች ትሸጥባታለች፤
መዝኛታለሁ እኔ። ትጎድላለች።