የጠብታ ማዕዘን

ሰኞ ማለዳ። ሚዬሌትስ ከተማ በረዶ ለብሳለች፤
ሌሊት የተለጠፈችው የክንፍ ላሜራ ተልጣለች፤
ሙጫዋ የያዘውን ለቆ፣
እንደ እርጥብ ፖስታ ቴምብር ከጥጉ ተላቆ።

ሌሼክ ሙጫውን ረገመ፤ ሌላው ምድጃውን፤
አለቃው ወረቀቱን፣ ወረቀቱ አቅራቢውን።
በመጨረሻ እኔን ጠሩ፤
መርፌ የያዘችውን ሴት፣ ቅባት አነፍናፊዋን፣
ቀልደኞቹ «ውሻችን» የሚሏትን።

«ይኸው፣ መስታወት ነው!» አለ ሌሼክ፤ ፊቱን አየበት፤
የእኔም ፊት ታየበት፣
አሥራ ሰባት ዓመት እዚሁ ያረጀው፣ ከነሽበቱ ጥርት ብሎበት።
መብለጭለጭ ግን መንጻት አይደለም። ዓይን የሚያውቀው ብርሃንን ነው፤
ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ለሳሳ ቅባት
ምስክሩ ውሃ ነው።

ከመርፌው ጫፍ አንዲት የተጣራች ጠብታ
ጠብ አደረግኩ። ካሜራው በጎኗ አጎንብሶ አያት።
ላሜራው ንጹሕ ቢሆን ትተኛ ነበር ተዘርግታ፣
ሲጫወት እንደ ዋለ ልጅ ካልጋው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ተንሰራፍታ።
ይቺ ግን ቆማለች፤ እንደ አተር ተኮራምታ፣
ከሥሯ የነካችውን ተጸይፋ ቀሚሷን ሰብስባ።
ሰባ አንድ ዲግሪ።
ሌላ ጣልኩ፤ ስድሳ ስምንት።
አንድ ክንድ ራቅ ብዬ ሌላ፤ ሃያ አራት።

«ካርታ እናንሳ» አልኩ።
በየሁለት ሳንቲሜትሩ አንድ ጠብታ፣ በመስመር በመስመር
እንደ ሽንኩርት ችግኝ ተከልኩ።
ወገቤ እስኪቆረጥ፣ የምሳ ደወል እስኪያልፈኝ ድረስ
የተኙትን በሰማያዊ፣ የቆሙትን በቀይ ወረቀት ላይ ሳሰፍር
ቀዩ ቅርጽ ያዘ።
መዳፍ። አውራ ጣት። መሀል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት።
ሌባ ጣት ብቻ የለችም፤ ከሁለተኛው አንጓ ተቆርጣለች፤
እሷ ልትሆንበት በሚገባው ቦታ
ጠብታዬ በሰላም ተኝታለች።
ሌሼክ ትንፋሹን ዋጠ።
ያቺን ጣት መጭመቂያው ማሽን ሲወስዳት እሱ ነበር በፎጣ የጠቀለላት።

ጌኖቬፋ ቤት ሄድኩ፣ ከቪስዎካ ድልድይ ማዶ።
ከሌሊት ፈረቃ መልስ አልተኛችም።
በሩን ስትከፍት እጇን አየሁ፤ ሌላ ነገር ማየት አልቻልኩም፤
የተሰነጠቀ፣ በየስንጥቁ ደም የቋጠረ፣
ሃያ ሁለት ክረምት ላሜራ ሲወለውል በአልኮል ያረረ።
«ጓንቴ ሲቀደድ ‹ሌላ የለም› አሉኝ።
ልጄ ነች ቅባቱን ከክራኩፍ ያመጣችልኝ፤ ሽታ እንኳ የለውም።
ታየ እንዴ?»
«ታየ።»
«ከነጣቴ?»
«ከነጣትሽ።»
ሳቀች። ከዚያ እጇን ብብቷ ውስጥ ወሸቀች፣ ልጅ እያለች እንደ ተቀጣች።

ሪፖርቱ ላይ «ምክንያት» የምትል ሳጥን አለች፣
ከክብሪት ቀፎ ያነሰች።
የሰው ስም ይበቃታል፤ ሃያ ሁለት ክረምት አይበቃትም።
ጻፍኩ፤ «ሲሊኮን፣ ከእጅ ቅባት። ጓንት አልቀረበም።»
«እጁ የማን ነው?» አለ አለቃው።
«የፋብሪካው» አልኩ።
ሌሼክ ጣራውን ያይ ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል።
ብረት እንዲህ አይደለም፤ እያደር ያድፋል፤
ማንም ሳይነካው፣ በአየሩ ብቻ፣ በእኛው ትንፋሽ።
ስለዚህ ነው ደመወዝ የሚከፈለኝ፣
ትናንት የጠየቅኩትን ዛሬም እንድጠይቅ።

ሐሙስ ጓንት መጣ፤ ሁለት ካርቶን፣ ውስጡ ጥጥ የለበሰ።
ላሜራው ታጠበ፣ ደረቀ፣ ተራው ደረሰ።
ጠብ አደረግኩ። ሃያ አንድ ዲግሪ።
ጠብታዋ ተኛች።

ማታ ቤቴ፣ ሳህን አጥቤ ስጨርስ
ቧንቧው ገና ያንጠባጥባል።
መዳፌን ከሥሩ ዘረጋሁ። አንዷ ወደቀች፤
ቆመች፣ ክብ ሆና፣ የኩሽናውን አምፖል ተሸክማ።
ስንት ዲግሪ እንደ ነበረች አልለካሁም።