የመስኮቱ ነገር

አራት ኪሎ፣ ከፎቁ ሥር፣ ደረጃው እሚያልቅበት፣
አንድ ማተሚያ፣ ሁለት ወንበር፣ ሦስት ሜትር ያህል ቤት፤
«ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን» የሚል ባነር፣
ፀሐይ በልታው «ኮፒ» ብቻ ቀርቷል ከዚያ ሁሉ ነገር።

እዚህ ነው የምውለው።
ያለኝ ኮምፒውተር አንድ፣ ያውም ያረጀ ዕቃ፣
ጠዋት ተከፍቶ፣ ለምሳ የሚነቃ፣
ነቅቶም «ልታደስ ነው፤ አትንኪኝ፣ በቃ!»
ደንበኛ ተሰልፎ፣ ክቡ እየዞረ፣
ሠላሳ ከመቶ ላይ ቆሞ እንደ ቀረ፣
ስንቱ ተሳድቦ ወደ ጎረቤት ተሻገረ።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ማንም የለም ሲሰማ፤
ይህ መስኮት የተባለው፣ ገዝቼው አላውቅማ።
ገዝቶትስ የሚያውቅ ማነው፣ በዚህ ሁሉ ከተማ?
በሁለት መቶ ብር፣ ቁልፉ ተሰብሮ ተጭኖ፣
«ኦሪጅናል ነው» ተብሎ፣ ኦሪጅናል ሌባ ሆኖ፣
ይኖራል እኔ ጋ፣ እንደ ባለቤት ተጀንኖ።

ከዚያ ደግሞ ቫይረሱ።
ተማሪው ይመጣል፣ ፍላሹን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ፣
የአራት ዓመት ልፋቱ አቋራጭ ወደሚባል ነገር ተቀይሮ፤
«ያንቺ ቤት ነው የበከለው!»
«አንተ ነህ ያመጣኸው!» ጠባችን ተካሮ
እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ ሚፍታ መጣ፣ የሜክሲኮው ጠጋኝ፤
ሳጥኑን ዳበስ አድርጎ «ታሞ አይደለም፣ ደክሞት ነው» አለኝ።
«ሊኑክስ ልጫንልሽ?» «ስንት ነው?» «ነፃ ነው» ሲለኝ፣
የዚህ ከተማ ልጅ ነኝና፣ ቦርሳዬን ጨበጥኩ፤
ነፃ የሚባል ነገር ሁሌም ነው የሚያስፈራኝ።

«ነፃ ማለት እኮ ርካሽ አይደለም» አለ፣ ብሎን እየፈታ፣
«የደቦ ሥራ ነው፤ የማይተዋወቅ ሰው ማታ ማታ
ሲያርመው ያደረ።» እንዲህ ነው ሚፍታ፤
ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ቀሪውን ሲሰብክ ያመሻል በእርጋታ።

መዋሸት አልፈልግም፤ ሳምንቱን አለቀስኩ።
ማተሚያው «አላውቅሽም» አለኝ፤ ሦስት ቀን ለመንኩ።
ከውጭ የመጣ ሰነድ ሁሉ ሠንጠረዡ ተንጋደደ፣
የማኅተሙ ቦታ ወደ ግርጌ ወረደ፤
ወይዘሮ ዘርፌሽዋል የክስ ወረቀቷን አይታ፣ ፊቷ ነደደ፤
«ዳኛው ፊት እንዲህ ጎብጬ ልቅረብ?» አለች።

ወንድሜማ ሳቀብኝ፤ ዕቁብ ወጥቶለት፣ ባለ ሦስት ዐይን ስልክ ገዝቶ፣
«አሁን ይሄን ማን ይለምደዋል?» ይላል ደረቱን ነፍቶ፤
ስልኩ ግን አሥር ሰዓት ሳይሞላ ባትሪው ሞቶ፣
እኔው ጋ ይመጣል፣ ቻርጀር ፍለጋ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ቀስ በቀስ ግን ለመድን።
ጠዋት ስከፍተው፣ ሻርፔን ሳላወልቅ ይነሣል፤
መታደስ ሲያምረው ይጠይቀኛል፤ «ማታ» ካልኩት ይታገሣል፤
ሃሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ ለይቶ ያውቃል፤
የቱ የት እንደሚገባ ግን፣ እሱም እንደኔ ይረሳል።

ሰኔ ነበር። አንዲት ልጅ ገባች፣ በተሰበረ ጥላ፣
ከሦስት ቤት «ባዶ ነው፣ አለቀለት» ተብላ፤
ማስረከቢያው ነገ ጠዋት።
ፍላሹን ሰካሁላት፣ እጄ እየፈራ፣
ይኸው፦ ምዕራፍ አንድ፣ ምዕራፍ ሁለት፣
ማጣቀሻው ሳይቀር ቁጭ ብሎ በተራ።
ቫይረሱ «ደብቅ» ያለውን፣ ይህ ሳጥን አልሰማም፤ ሰምቶም አይፈራ።
«ምን አደረግሽው?»
«ምንም። ያለውን አየ፤ ያ ነው የሱ ሥራ።»

ዘጠና አራት ገጽ አተምን። መሐል ላይ መብራት ሄዶ መጣ።
«ሒሳቡ?» «የወረቀቱን።» «ያገኘሽልኝስ?»
«እሱ የደቦ ነው» አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ
ለራሴም ገረመኝ።
ማተሚያው ግን፣ ያው ማተሚያው፣
የመጨረሻዋን ገጽ እንደ ውሻ ነክሶ እምቢ አለ፤
እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣
እየጎተትን ሳቅን።