ቤት ለእንግዳ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል፤ ዊኒፔግ በረዶ ለብሳ፣
ከዜሮ በታች ሠላሳ።
እኔና ባለማረሻው፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት መኪና፣
ስናርስ አደርን፣ ምንም ላንዘራ፤ ገና
አንዱን ጎዳና ሳንጨርስ ኋላችን ነጭ ይሆናል፤
የገፋነውን ሁሉ ሰማይ መልሶ ያዘንባል።

ድልድዩ ላይ ስደርስ፣ የማረሻው ምላስ
ከብረት መጋጠሚያው ጋር ቋ! ብሎ ሲላተም፣ ሲመለስ፣
መጣ።
ሰው የገባ መስሎኝ ዞርኩ።
ማንም የለም፤ አካፋ፣ የጨው ከረጢት፣ የተገመሰ ሳንድዊች።
ግን አንድ ስንኝ፣ ሙሉውን፣ የጫማውን በረዶ እንኳ ሳያራግፍ
ገብቶ አጠገቤ ተቀምጧል።

ከዚህ በፊትም መጥተው የሄዱብኝ አሉ።
አንዱን፣ ባንክ ቤት ተሰልፌ፣ «ቆይ፣ ተራዬ ደርሷል» አልኩት፤
አንዱ፣ ሳሙናው ዓይኔን እስኪለቀኝ ሻወር ደጃፍ ቆሞ ቆሞ ሰለቸው፤
አንዱን «ጠዋት እጽፍሃለሁ» ብዬ ተኛሁበት፤
ጠዋት ትራሱ ላይ የራሱ ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።
መልኩን አላውቀውም። ቁመቱን ግን አስታውሳለሁ፤ ረዥም ነበር።

የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ሲል
«ቤት የእግዜር ነው» ይባላል፤
«ነገ ተመለስ» ማን ይላል?

እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ ቀለሙ እንደ ወንዙ ረግቷል፤
ስልኬም ብርዱን ሲቀምስ ሞቷል።
የጎኔ መስኮት ግን ከውስጥ አመዳይ ለብሷል።
ጓንቴን በጥርሴ ስቤ፣ በጥፍሬ ጻፍኩበት።
መጨረሻው ላይ ስደርስ ማሞቂያው ነፈሰ፤
አንድ ፊደል አለቀሰ።

አጠፋሁት፣ ማሞቂያውን።
ሰው ለእንግዳው እሳት ያነዳል፤
እኔ የነደደውን አጠፋሁ።

«ዐሥራ ሰባት፣ ምን ሆነህ ቆምክ?» አለ ግሌን በሬዲዮ።
«ተሳፋሪ ይዤ ነው።»
«ተሳፋሪ መጫን ክልክል ነው።»
«አውቃለሁ።»

ስምንት መንገድ ነዳሁ፣ ትንፋሼን በሻርፕ አፍኜ፣
የእግር ጣቶቼን በየተራ እየጠራሁ፣ አቤት የሚል እየጠፋ።
ማደያው ጋ ደረስኩ። ሊጋያ፣ የሌሊቷ ገንዘብ ተቀባይ፣
ከንፈሬ አልታዘዝ ብሎኝ አየር ላይ ስጽፍ አይታ፣
እስክሪብቶዋን ከደረት ኪሷ አውጥታ፣
ከደረሰኙ ጥቅልል አንድ ክንድ ቀድዳ ሰጠችኝ።
«አደጋ ነው?» አለች። አልኳት፦ «እንግዳ!»
«እንግዲያው ሩጥ» አለችኝ፤ ምን እንደገባት እንጃ።

መስኮቱ ላይ፣ በማደያው ቢጫ መብራት፣ የተረፈው ይህ ነው፦
«ያረስኩት ሁሉ ከኋላዬ …ቀለ…»
የፈሰሰው ፊደል ከፊቱ ነው? ወይስ ከኋላው?
በቀለ?
ቀለጠ?
ጭንቅላቴን ብጠይቀው እሱም እንደ እግሬ ደንዝዟል።
ሁለቱም ያስኬዳል፤ የመጣው ግን አንዱ ነበር።

ያን ሌሊት፣ ከዚያም ወዲህ፣ የሰው ደጅ እየጠረግኩ
ከቤት ወደ ቤት ዞርኩ፤ ለአንድ እንግዳ ቤት ፈለግኩ።

ደረሰኙ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ተሰክቷል።
ይህም ወረቀት ሙቀት ሲነካው ይጠቁራል፤
እንግዳዬ ብርድ ለምዷል።
ድልድዩ ጋ ስቃረብ ፍጥነቴን ወደ ዐሥር አወርዳለሁ፣
ማሞቂያውን አጠፋለሁ፣
ከጎኔ ወንበር ላይ ሳንድዊቹን አነሳለሁ።
«ቤት የእግዜር ነው» እላለሁ፣ ጮክ ብዬ፤
አንዳንዴ ቋ የሚለው ብረቱ ብቻ ነው።

ትናንት ግሌን በሬዲዮ፣ ድንገት፣
«ተሳፋሪህስ?» አለኝ።
«አልወረደም።»
ዝም አለ። ከዚያ፣
«ታዲያ ቀስ ብለህ ንዳ።»