ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

አፉላ፣ ዓርብ ማታ። የወንድሜ ልጅ ኤልያሳፍ
ስልኩን አስጠጋልኝ፣ ዐይኑ ተንቀልቅሎ እንደ ክብሪት ጫፍ፤
«አጎቴ፣ ፊልሙን አየኸው? ካፒቴኑ ጥቁር ሆኖ መጣ፣
ከየጓዳው ተሳዳቢው እንደ ምስጥ ወጣ።
አንተ አንብበኸዋል አሉ፣ በልጅነትህ፤
ማን ነው ልክ? ከማን ጋር ነህ?»

ከማን ጋር ነኝ?

አይቼዋለሁ ጠቡን። ሦስት ሌሊት፣ በሥራ ሰዓት፣ ተደብቄ፣
ከሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች ጋር ምድር ቤት ወድቄ።
አንዱ ይጮኻል፦ «ቃሉ ይጠበቅ!»
እንደ ኦሪት፣ አንዲት ነጥብ እንዳትወድቅ።
ዘንዶ በጠፈር ሲዋኝ አሜን ብሎ የተቀበለ፣
ጥቁር ሰው መሪ ሲጨብጥ «ይህስ አይታመንም» አለ።

ሌላው ደግሞ የእኛ ወገን፣ ደረቱን የሚደቃ፣
ገጽ ሳይገልጥ ጠበቃ፤
የካፒቴኑን ስም እንኳ አስተካክሎ አይጠራም፤
ያላነበበ ሰው ጠብ አይደክመውም፣ አያፍርም፣ አይፈራም።

የእኔን ሐሳብ ከፈለጋችሁ፣
መጽሐፉ ተራ ነው። አዎ፣ ተራ።
ጀግናው ግትር፣ ሴቶቹ ከሁለት ገጽ በላይ በሕይወት አይቆዩ፣
ዓረፍተ ነገሩ እንደ ኮረኮንች መንገድ።
ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ተራ መጽሐፍ አያውቅም።

ቤተ መጻሕፍቱ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ነበረ፣
ወለሉ የሱፍ ፍሬ ልጣጭ፣ ጣሪያው በዝናብ የተዥጎረጎረ።
ጌኒያ ከኦዴሳ የመጣች፣ ዕብራይስጡ እንደኔው እየተሰባበረባት፣
«ውሰደው» አለችኝ፣ «ይህን የሚፈልገው የለም»፤ ወሰድኩላት።

ቃላቱን ለቀምኩ፣ ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደሚለቀም፤
«ዳቦ»ን በወጉ ሳልጠራ «ምሕዋር»ን ተማርኩ፣
«ይቅርታ» ማለት ሳልችል «የስበት ኃይል» ስል አደርኩ።

አባቴ አንድ ማታ ወለል ላይ ወድቆ አገኘው።
አነሣው። አቧራውን በነጠላው ጫፍ ጠረገው፣
ሳመው።
ለእሱ ያ ፊደል የሙሴ ነው፣ ሌላ ነገር አይጻፍበትም፤
ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ መሳሙን፣ እስከ ዕለተ ሞቱ አልነገርኩትም።

መጽሐፉ ሽፋን አልነበረውም። ስለዚህ ለካፒቴኑ
ሱዳን በረሃ የቀረውን የአጎቴን የደስያለኝን ፊት ሰጠሁት፣ ጠባሳውን ከነዐይኑ፤
በመርከቡ መስኮት ቆሞ ከዋክብትን ሲቆጥር፣
ማንም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» አላለኝም በዚያ ሰፈር።

ይህን ለኤልያሳፍ ልነግረው አፌን ከፈትኩ።
ጥሩ ታሪክ ነው። ጭብጨባ አያጣም።
ግን ውሸት አለበት።

ሽፋን ነበረው።
ወርቃማ ጸጉር፣ ሰማያዊ ዐይን፣ አገጩ እንደ ምሳር፤
እኔ ነኝ የገነጠልኩት፣ በእጄ፣ በጥፍር።
ጠብ አልነበረም፣ ሰልፍ አልነበረም፣ ገፋፊም አልነበረም፤
እኔና አንድ ሥዕል ብቻ፣ በደረጃው ሥር፣ በጨለማ፣
«አንተ አይደለህም» ተባባልን፣ ማንም ሳይሰማ።

ጌኒያ ቅጣት ጠየቀች፤ አባቴ አሥር ሸቀል ከፈለ፣
«መጽሐፍ ሲያረጅ ይገነጠላል» አለ።

ተነሣሁ ከገበታው። ከመሳቢያው፣ ከተበላሹ ቻርጀሮች ሥር፣
ሠላሳ ዓመት የደበቅኩትን ወረቀት አወጣሁ፤ ጠርዙ ተበልቷል።
መጣልም፣ መመለስም አልሆነልኝም እስከ ዛሬ።
ኤልያሳፍ ተቀበለኝ። ስልኩን ደፍቶ
ወደ መብራቱ ያዘው፣ ዝም ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ።
«ይሄ ነው ያናደደህ?» አለኝ በመጨረሻ።
«ዐይኑን አላየኸውም እንዴ?
ፈርቷል እኮ።»