ስንጥር

ንጉሥ ሊመጣ ነው አሉን ከባሕር ማዶ፤
አንድ መልእክተኛ ደረሰ ማልዶ፣
በእጁ ሜትር ይዞ፣ በብብቱ ፋይል፣
«የወንበሩ ቁመት ልክ ይህን ያህል፤
የጌኔ ሙንታሃም እኩል ነው ቁመቱ፤
አንዱ ካነሰማ ተደፈረ ቤቱ።»

የጅሬን ሽማግሎች ማታውን መጡና
ከዋንዛው ግንድ ላይ ተቀመጡና
«አባ ፊጣ፣» አሉኝ፣ «እንግዳ ክቡር ነው፤
ግና ባለቤቷን ማን ነው የሚያሳንሰው?
ጣት ታህል ጨምርላት፤ ማነው የሚለካ?»
ዝም አልኩኝ፣ የመጋዙን ጥርስ በጣቴ ስነካ።

የኛ አገር በርጩማ በሦስት እግር ያድራል፤
ሦስት እግር በየትም ወለል ላይ ይሰምራል።
«አራት ይሁን» አለ ያ ባለ ሜትሩ፤
«ንጉሥ በሦስት እግር አይቀመጥ በክብሩ።»
አራት አደረግኩት።
ዘጠኝ ቀን ጠረብኩት፣ በሰም ወለወልኩት፣
ሁለቱን ጎን ለጎን በውሃ ልክ ለካሁት፤
ጣት አልጨመርኩባት፣ ጣት አልቀነስኩበት፤
እውነቱን ልናገር፣ ሜትሩን ፈራሁት።

በመጣበት ዕለት ዝናብ ነው ሌሊቱን፤
አዌቱ ሞልቶታል እስከ ድልድይ አንገቱን።
ከሂርማታ እስከ ጅሬን ባንዲራው ረጥቦ
ተንጠልጥሎ ቀረ፣ መውለብለብ አስቦ፤
ፈረሰኛው ቆሟል ቀይ ከፋይ ለብሶ፣
ቀለሙ በፈረሱ ነጭ ጎን ላይ ፈስሶ።

መለከት ተነፋ። ወረደ ከመኪና
አጭር ሽማግሌ፣ ጉልበቱ ያልጸና።
እሷ ከሰገነት አልወረደችለት፤
ደንብ ነው፤ እስኪወጣ ቆማ ጠበቀችለት።
አሥራ ሰባት ደረጃ ቆጠርኩለት ሲወጣ፣
በየሦስቱ ቆሞ ትንፋሹን ሲያመጣ።

ተቀመጡ። ያኔ የአያት ቤት ወለል፣
ስንት እግር ያለፈበት፣ ወደ ምዕራብ የሚል፣
የንጉሡ ወንበር ዘመመ፣ ተነቃነቀ፤
የባለ ሜትሩ ሰውዬ ከንፈሩ ደረቀ።
ማንም ትንፍሽ አላለ። እኔ ነኝ በደረቴ
ምንጣፍ ላይ የተሳብኩ፣ ስንጥር ይዤ በጣቴ።

እዚያ ታች መንግሥት የለም፤ እግር ነው ያለው፤
የእሱ ካልሲ፣ ተረከዙ በክር የተጣፈው፣
የእሷ ነጠላ ጫማ፣ በሽቦ የታሰረው።
የእሷ እግር አብጧል። የእሱ ይንቀጠቀጣል።
ከጭንቅላቴ በላይ ትልቅ ቃል ይሰጣል፤
ስለ ሁለቱ ቤት፣ ስለ ጥንት ወዳጅነት
አስተርጓሚው ያወርደዋል እንደ ዳዊት።

ስንጥሩን ሰካሁት። ወንበሩ ጸጥ አለ።
የጫማው ጫፍ መጥቶ እጄን ነካ አደረገ፤
ስቶ ይሁን አመስግኖ እስካሁን አላወቅኩ።
እንደመጣሁ ሁሉ ወደ ኋላ ተሳብኩ።

ማታ ሽማግሎቹ በሬን አንኳኩብኝ፤
«ጣቷን ለማን ሰጠሃት?» ብለው ጠየቁኝ።
«ለወለሉ» አልኳቸው። ዓይን አፈጠጡብኝ።

ወንበሮቹ ዛሬ በገመድ ታጥረዋል፤
ጎብኚ ይመጣል፣ ያያቸዋል፣ ያልፋል።
ስንጥሯ ግን ቤቴ፣ ከጠረጴዛው ሥር ናት፣
ዘይነባ ስትቀዳ ሻይ እንዳይደፋባት።
አንዳንዴ ጎንበስ ብዬ፣ እንዳለች አያታለሁ።