ባትሪ ያዥ

አሳንሰሩ ቆሟል በሦስትና በአራት መሃል፤
እንደ ለገመ በቅሎ አልነቃነቅም ብሏል።
ውጭ ቶሪኖ ጭጋግ ለብሳ ትራሙ ያቃጭላል።

ኤጂዲዮ መጣ መፍቻውን ሸክፎ፣
ጉልበቱ እያቃሰተ ምላሱ አሰፍስፎ።
«ና ባትሪ ያዝልኝ፣ አንተ ከአምስተኛ ፎቅ ያለኸው፣
ስምህ ማን ነበረ?» «ይትባረክ።» «አዎ፣ እሱን ነው።»

ባትሪ ያዝሁለት። እሱ ወሬ ያዘ፤
ሽቦና መንግሥትን ባንድ እጁ መዘዘ።

«ይህን ቁልፍ አየህ? አርባ ዓመቱ ሞላ፤
ሲጫኑት ይሄዳል፣ አያውቅም ሌላ ሌላ።
ስም አይጠይቅህም፣ ፊት አይመረምር፣
የት ፎቅ እንደወረድክ ለማንም አይናገር።
ኩባንያው ምን ይላል? ይህን ነቅሎ ሊጥል፣
‹እንደምን ዋሉ› ባይ፣ ዘናጭ ሊተክል!
ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ከነሰላምታው ይደርቃል።
ለእንደምን ዋሉማ ጎረቤት መች ጠፋ?
እሱ ይሻለኛል፣ ቢያኮርፍም ቢከፋ።»

ሳቅሁ፤ ብርሃኑ ተንቀጠቀጠ።
«ቀጥ አርገህ ያዝ» አለና ወደ ልጁ ዘለቀ፦

«ልጄ ሚላኖ ነው፣ በስልክ ነው የማየው፣
ግንባሩን ብቻ ነው ሁሌ የሚያሳየው።
ቴክኖሎጂ ጥሩ ነው፣ አልጠላም፣ አልዋሽም፣
ግን ግንባር ብቻ አይተህ ‹ከሳህ ወይ?› አትልም።»

«ፖለቲካስ?» አልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

«ድሮ ቀይ መረጥኩኝ፣ ፋብሪካው ሳይዘጋ፤
ቀጥዬ ሰማያዊ፣ ቀረጡ ቢረጋ፤
ዘንድሮ ባዶ ወረቀት አጥፌ ከተትኩኝ፣
ቤቴ ገብቼ ሾርባ ጠጥቼ ተኛሁኝ።
የምክር ቤቱን አሳንሰር ሃያ ዓመት ጠገንኩት፣
ሹሙን ሁሉ በጀርባው፣ በማጅራቱ አወቅኩት፤
ሲወጣ መስተዋት ፊት ክራባት ያቀናል፣
ሲወርድ ጫማውን ነው፣ ቁልቁል ያየዋል።»

ግድግዳው ላይ ተለጥፏል የነዋሪው ውሳኔ፦
«ይቆይ አሥር፤ ይጠገን ዘጠኝ፤ ዝም ያሉ ሁለት።» አንዱ እኔ።
ስብሰባም አልነበር፣ በስልክ ነው የተመረጠ፣
አውራ ጣት ነው የሚሻው፣ ያውም የተቀመጠ።
የኔ ጣት ያን ማታ ኳስ ያሳድድ ነበር፣
ባዶ ለባዶ ላለቀ፣ ለዚያ ከንቱ ግርግር።

«ምድር ቤት ያለው ሰው ለምን ብሎ ይከፍላል?
ደረጃ መች ያውቃል? እውነቱን እኮ ነው» ይላል፣
ኤጂዲዮ ሳይበሳጭ፣ ብሎን በጥርሱ ነክሶ፣
«ማን ለሌላው ጉልበት ይከፍላል ከኪሱ ቀንሶ?»
አልተስማማሁም እኔ፤ ግን ባትሪ የያዘ ሰው፣
እጁን ካወናጨፈ ጨለማ ነው የሚውጠው።

ሁለተኛዋ ዝምተኛ፣ ሲኞራ ኦታቪያ፣
ዘጠና አንድ ዓመቷ፣ ጎረቤቷ ጣሪያ፤
ስልኳ ባለገመድ ነው፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ፣
ስለ ምርጫው ለእሷ ማን ሄዶ ነገረ?
አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ዳቦዋን በቅርጫት ትስባለች፣
ለዳቦ ቤቱ ልጅ፣ ሳንቲም በሻሽ ቋጥራ ትጥላለች።

«ማነው ግን የጠራህ?» አልኩት ኋላ ላይ፣
«ማንም» አለኝ፣ ሽቦ ከሽቦ ሲለይ፤
«ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት አለፈኝ፣
ዳቦ ልገዛ ስሄድ ያ ቅርጫት ራሴን መታኝ።»

ከዚያ አንድ ነገር ነካ፤ ሞተሩ አጓራ፤
ሳጥኑ ሸርተት ብሎ ፊታችን ቆመ፣ መብራቱ በራ።
«ስድስትን ተጫንና ውጣ» አለኝ። ተጫንኩና ወጣሁ።
ባዶውን ሄደ። ከላይ፣ ነጠላ ጫማ ሲንፏቀቅ ሰማሁ።
ሳል። ዝምታ። ደግሞ ሳል። ገመዱ ይወርዳል።

በሩ ሲከፈት እሷ የለችም፤ ቅርጫቷ ተቀምጧል፣
ውስጡም በእርሳስ፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦
«ሁለት ሎሚ። ክብሪት። ስስ ሥጋ፣ ለድመት።»
ጥቂት ሳንቲም በሻሽ፣ በአምና ዋጋ ግምት።

ኤጂዲዮ ቆጠረው፤ ሁለቴ፤ ከኪሱም ጨመረ፤
ስለ ሎሚ መወደድም አዲስ ንግግር ጀመረ።