ሁለት እጅና ሲሶ

ፉጃይራ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ችሎት፤
ማቀዝቀዣው ያንቀጠቅጣል፣ ውጭው ግን እሳት።
በመስኮቱ ማዶ ባሕሩ፣ ነዳጅ የጠጡ መርከቦች
ወረፋ ይጠብቃሉ፣ እንደኛው እንደ ባለጉዳዮች።
እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ በሰዓት የምከፈል፣
ከራሴ አንዲት ቃል እንዳልጨምር የማልኩ፣ እንዳላጎድል።

መሬማ ተቀምጣለች፣ የሐርቡ ገበሬ ልጅ፣
ክራንቿን ከጎኗ አቁማ፣ ጭኗን ደግፋ በእጅ።
ምንጣፍ ተሸክማ ነው፣ ከደረጃ የወደቀች፤
ጭኗ ውስጥ ብረት ገባ፣ በስምንት ብሎን ታሰረች።
በአራተኛው ወር አንድ ሌሊት፣ ውሃ ልትጠጣ ተነሥታ፣
ጧ አለ፤ የማዳም ብርጭቆ የሰበረች መስሏት ፈርታ
ወለሉን በእጇ ዳበሰች።
                          ወለሉ ላይ ምንም የለም።

የፋብሪካው ጠበቃ ተነሣ፣ ሽቶው ቀድሞት ደረሰ፤
«ብረታችን እንከን የለው፤ ብሎን አጣሞ የነዳ ሐኪም ነው ያፈረሰ።»
የሐኪሙ ጠበቃ ደግሞ፣ ወረቀቱን እያራገበ፣
«ካርቶኑ ‹ይችላል› ይላል፤ ደንበኛዬ የተጻፈውን አነበበ፤
ቀልጦ ሲፈስ አረፋ የያዘ፣ ከውስጡ የተቦረቦረ
ብረት የሸጠ ይጠየቅ እንጂ፣ ምን አጠፋ ያሰረ?»
ሁለቱ የተስማሙት፣ በአንዲት ነገር፤
«ቶሎ ወደ ሥራ ተመልሳ» — ማን አዘዛት የሚል ግን አልነበር።

ባለሙያው ፎቶ አሳየ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣
በማጉያ ስትታይ ግን፣ እንደ ቦርከና ገደል ጥልቅ።
አንዲት ጠማማ ቀዳዳም፣ ከስንጥቋ ጎን ተገኘች፤
የቷ ቀድማ እንደጀመረች፣ ቃዲውም አልለየ፣ ማሽኗም አልለየች።

ከዚያ ተፈረደ። ቁጥር ወረደ፣ በመቶኛ፤
ይህን ያህል ለአንደኛው፣ ያን ያህል ለሁለተኛ።
ቃዲው ወደ እኔ ዞረ፤ «ንገራት» አለ።
                          ምን ብዬ ልንገራት?
መቶኛ ለርሷ ምኗ ነው? ሌላ ሒሳብ ነው አባቷ ያስተማራት።
እሱ የሰው መሬት አራሽ ነው፤ አውድማው ዳር ቆሞ፣
ባለርስቱ እስኪሰፍር የሚጠብቅ፣ ባዶ ስልቻ ተሸክሞ።
ስለዚህ በአባቷ ቋንቋ፣ ቃሉን ከአውድማ አነሣሁ፤
«ሁለት እጁ ለፋብሪካው፣ ሲሶው ለሐኪሙ» ስል፣ መሐላዬን ረሣሁ።

ዝም አለች። ጣቷ በቀሚሷ ላይ፣ ጠባሳውን ተከትሎ ሄደ፣
እንደ ትልም።
            ከዚያ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣
«ማሳውስ?» አለች፤ «ማሳው ምን ወሰደ?»

ይህን በዐረብኛ ምን ልበል? ቃዲው ፊቴን ያያል፤
ጸሐፊው ጣቱን ፊደል ላይ ሰቅሎ፣ «ምን አለች?» ይላል።
«ስለ መሬት ጠየቀች» አልኩ። «መሬት?» አለ፤ «የምን መሬት?
በክሱ ውስጥ የለም።» አገላበጥን። አዎ፤ የለበት።

ማስረጃው በላስቲክ ታሽጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት አለ፤
የብረቱ ግማሽ ነው። ሌላው፣ አጥንት አቅፎት ስለዋለ፣
ስለከረመ፣ ሥጋ ስለለመደው፣ ከጭኗ አልወጣም፤
በሁለት እጅ ይሁን በሲሶ፣ ለዚያ ድርሻ ማንም አልመጣም።

ጸሐፊው አንዲት ቃል ጻፈ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፤
«ተረድታለች።» ፈረምኩበት፤ ይኸው ነው የኔም ሥራ።

ከበሩ እስከ ጠራራው ፀሐይ፣ ዘጠኝ ደረጃ ነው መውረድ፤
ክንዴን ብሰጣት፣ «ተወኝ ጋሼ» አለች፤ «እኔ መቁጠር ልልመድ።»